ያልተሟሸ ምጣድ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወለቃ ላይ፣ ምጣድ ልትገዛ የመጣች ሴት ከሁሉ አስቀድማ ምጣዱን በጣቷ ታንኳኳዋለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ ዋጋ ትጠይቃለች፤ ከታፈነ የተሰነጠቀ ነውና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ገዝታ ቤቷ ከገባችም በኋላ ወዲያው ሊጥ አታፈስበትም። በገዛ ምድጃዋ ላይ ጥዳ፣ በጎመን ዘር እያሸች፣ ደጋግማ ታሟሸዋለች። ያልተሟሸ ምጣድ፣ አፈሩ የቱንም ያህል የተመረጠ ቢሆን፣ እንጀራውን ይዞ ያስቀራል።

ምጣዱን ያነሣሁት ለጤናና ለትምህርት የእርዳታ ፕሮግራሞች «የቴክኒክ አማካሪ» ተብሎ የሚቀጠረው ሰው በአገራችን እንዴት እንደሚመረጥ ለመናገር ነው። የቅጥር ማስታወቂያዎቹን ለዓመታት አንብቤአለሁ። ቃላቸው ይለያይ እንጂ የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው፦ ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ያለው፣ አሥር ዓመት ዓለም አቀፍ ልምድ ያካበተ፣ በለጋሽ ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የመራ፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገርና የሚጽፍ። የአካባቢውን ቋንቋ ማወቅ «ተመራጭ ያደርጋል» ይባላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሣም። በጤና ጣቢያ ተረኛ ሆኖ ማደር፣ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ጠመኔ ይዞ መቆም፣ በክረምት ጭቃ ከጎጥ ጎጥ መዞር በመስፈርትነት የተጻፈበት ማስታወቂያ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ይህ አመራረጥ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው። እውቀት ከሩቅ ይመጣል፣ የቅርብ ሰው ፈጻሚ ነው፣ አማካሪ ለመሆን ከቦታው መራቅ ያስፈልጋል የሚል እምነት። እምነቱን የያዙት ለጋሾች ብቻ አይደሉም። የቢሮ ኃላፊዎቻችን፣ ምሩቃኖቻችን፣ ልጃቸው «ኤን ጂ ኦ ገባ» ሲባል እልል የሚሉ ወላጆችም ይጋሩታል። እኔ ግን ስሕተት ነው እላለሁ። ስሕተትነቱም እዚሁ ጎንደር፣ ከ70 ዓመት በፊት፣ በሥራ ታይቷል።

በ1940ዎቹ አጋማሽ የደምቢያን ሜዳ ወባ መትቶት በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። አገሪቱ ያኔ የነበሯት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት፣ አብዛኞቹም የውጭ ዜጎች ነበሩ። ከዚያ መከራ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከል ጎንደር ላይ ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ተባብረው ያቋቋሙት ነው። የውጭ ባለሙያዎች ነበሩበት። ነገር ግን የመጡበትን ሥራ ልብ በሉ፦ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ጤና ነርስና ሳኒተሪያን ሊያስተምሩ፣ አስተምረውም ወንበሩን ለተማሪዎቻቸው ሊለቁ ነው የመጡት። ተማሪዎቹ ደግሞ በቡድን ሆነው ቆላድባን ወደመሳሰሉ ጤና ጣቢያዎች እየወጡ፣ ሕዝቡ መካከል እየኖሩ ይሠለጥኑ ነበር። ያ የቡድን ሥልጠና ዛሬም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። አማካሪዎቹ ከሄዱ ዘመን አልፏል፤ ሥራቸው ግን አልሄደም።

እነዚያ ምሩቃን ምን እንደ ሠሩ ለማየት የፈንጣጣን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1963 ዓ.ም. የማጥፋት ዘመቻው ሲጀመር የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችና የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ከኢትዮጵያውያን ሳኒተሪያኖች ጋር ሆነው በእግርና በበቅሎ ተራራ ለተራራ ዞሩ። በጎንደርና በጎጃም ደጋ ሕዝቡ ከታመመ ሰው ቁስል እየወሰደ በራሱ ልማድ ሲከትብ የኖረ ነው፤ አዲሱን ክትባት እሺ ብሎ በአንድ ቀን አልተቀበለም። ባላገሩን የሚያሳምነው የቃላት አወጣጡን፣ የአክብሮት ወጉን፣ ከማን ደጅ መጀመር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነበር። የውጭው ባለሙያ የክትትሉን ዘዴ አመጣ፤ የአገሩ ሰው በሩን ከፈተ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ ተመዘገበ። የውጭ ባለሙያ አያስፈልግም የሚለኝ ካለ ይህ ዘመቻ መልስ ይሆነዋል። የውጭው ባለሙያ ብቻውን ይበቃል ለሚለኝም መልሱ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ከተሠሩት ሁሉ የላቀው የሰው ምርጫ ደግሞ በራሳችን እጅ የተሠራ ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲነደፍ የወጣው መስፈርት እንደ አማካሪዎቹ ማስታወቂያ አልነበረም። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ የቀበሌዋ ነዋሪ የሆነች፣ ቋንቋውን የምትናገር ሴት ተፈለገች። ለአንድ ዓመት ሠልጥና ወደዚያው ወደ ተመረጠችበት ቀበሌ ተመለሰች። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት እየተባለ ከ30,000 በላይ ሴቶች ተሰማሩ። በ1982 ዓ.ም. አካባቢ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ200 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ግድም ቁጥሩ ወደ 68 ወርዶ አገሪቱ የምዕተ ዓመቱን ግብ ቀድማ መታች። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ ክትባቱም፣ አጎበሩም፣ መንገዱም፣ የለጋሹም ገንዘብ አለበት። ያን ሁሉ ይዘው ጎጆ ድረስ የገቡት ግን እነዚህ ሴቶች ናቸው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ለቀበሌ ሠራተኛ ስንመርጥ «የዚህ ቦታ ሰው ናት ወይ?» ማለት ትልቁ መስፈርት ከሆነና ያም መስፈርት ሕይወት ካተረፈ፣ ለአማካሪነት ስንመርጥ ይኸው መስፈርት የት ጠፋ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደመወዙ ሲጨምር የቦታ እውቀት ከመስፈርትነት ይወጣል። ለትንሹ ደመወዝ ቦታውን ማወቅ ግዴታ ነው፤ ለትልቁ ደመወዝ ግን አለማወቅ አያስጠይቅም።

ይህ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል በዐይኔ አይቻለሁ። ለብዙ ዓመት በነርስነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። በአንድ ወቅት እናቶች ለምን በጤና ጣቢያ እንደማይወልዱ የሚያጠና አማካሪ በአንድ ፕሮጀክት ተልኮ ወደ ሰፈራችን መጣ። ትጉ ሰው ነበር፤ አልዋሽበትም። አስተርጓሚ ሆኜ አብሬው ዞርሁ። እሱ ከመምጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በወረዳ ስብሰባ ላይ ተነሥታ እንዲህ ብላ ነበር፦ «እናቶቹ ሐኪም ጠልተው አይደለም። የእናቶች ማቆያው ውስጥ ገንፎ የሚያገነፋላቸው የለም፤ ማርያም ማርያም የምትላቸው ጎረቤት አትገባም፤ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚያበላም የለም።» የዚያን ቀን ንግግሯ ቃለ ጉባኤ ላይ እንኳ አልሰፈረም። አማካሪው ሲጠይቃት ያንኑ ደገመችለት። ከወራት በኋላ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ታትሞ መጣ፤ ቃሏ «ቁልፍ ግኝት» ሆኗል። ስሟ የለበትም። እሱ በቀን የተከፈለው እሷ በወር ከምታገኘው ይበልጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ገንፎው በጤና ጣቢያው መገንፋት የጀመረው፤ በብዙ የአገራችን ጤና ጣቢያዎችም እንዲህ ያለው ሥርዓት ዛሬ የታወቀ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ የገንዘቡ ልዩነት ብቻ አይደለም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ በየቤቱ የወለዱት እናቶች ናቸው። እውነቱ እጃችን ላይ ነበር። ከአማካሪ አፍ እስኪወጣ ድረስ ግን እውነት መሆን አልቻለም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

በትምህርትም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1964 ዓ.ም. ከውጭና ከአገር ውስጥ የተሰበሰቡ ሊቃውንት በዓለም ባንክ ድጋፍ የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን አዘጋጁ። በውስጡ ለገጠሩ ልጅ የታሰበ ቁም ነገር ነበረበት። ነገር ግን ሥራ ላይ የሚያውለው መምህር ሐሳቡን የሰማው ካለቀ በኋላ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቁመው ወጡ፤ ጥናቱም ሳይተገበር ቀረ። ከ30 ዓመት በኋላ ደግሞ ፕላዝማው መጣ። በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት እየተላለፈ ለመላው አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚደርስ ትምህርት ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ቴሌቪዥኑ ወሰደው፤ መምህሩ አስተዋዋቂና ማጠቃለያ ተናጋሪ ሆነ። ፍጥነቱ ለተማሪው ይመጥን እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ፣ በሁለተኛ ቋንቋ የሚማር የገጠር ልጅ ያን አነጋገር መከተል ይችል እንደሆነ የሚያውቀው ያ መምህር ነበር። ከማስተማሩ በፊት ማማከር የሚገባው እሱ ነበረ፤ አማካሪ ብሎ የጠራው ግን አልነበረም።

ይህን ሁሉ በፈረንጅ ላይ ጥዬ ብሄድ ቀላል ነበር። ፍርዱ ግን ከራሳችን ይጀምራል፤ ለዚህም ወለቃ ምስክር ናት። ወለቃ ለረጅም ዘመን የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ምጣዳችንን፣ ጀበናችንን፣ ማረሻችንን የሠሩልን እነሱ ናቸው። በጎንደር ነገሥታት ዘመንም በግንበኝነትና በአናጢነት አገልግለዋል። እኛ በምላሹ ርስት ነፈግናቸው፤ «ቡዳ»፣ «ጠይብ» እያልን ከማዕዳችን አራቅናቸው። በእጃቸው ሥራ እየበላን እጃቸውን ፈራን። በ1970ዎቹ የጀመረው ጉዞ ቀጥሎ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተሻገሩ። ዛሬ በወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሌሎች ናቸው። በእጁ የሚያውቅን ሰው መናቅ የተማርነው ከማንም ለጋሽ አይደለም። ማስታወቂያው ሲመጣ ንቀቱን ቤታችን ተቀምጦ አገኘው። የቀበሌዋን ነርስ፣ የገጠሩን መምህር ፈጻሚ ብቻ አድርገን የምናየው በዚያው የድሮ ዐይን ነው።

አሁን የሚነሡብኝን መከራከሪያዎች ልመልስ፤ ቀላል አይደሉምና አልፋቸው ዘንድ አይገባም።

አንዱ «አማካሪ በቅርብ ይመረጥ ካልን ዘመድ አዝማድ ይገባበታል» ይላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ዘመድ አዝማድ የሚበቅለው ግን ሰዉ በሚተዋወቅበት መንደር ሳይሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። መንደር ውስጥ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያጭበረብር ይታወቃል። እጩው የሠራበት ጤና ጣቢያ አዋላጆች፣ ያስተማረበት ትምህርት ቤት መምህራን በግልጽ ቢጠየቁ ከየትኛውም የድጋፍ ደብዳቤ የተሻለ ምስክር ይገኛል። በሩቅ ከተማ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው በወረቀት ብቻ ሲመርጡ ይህ ምስክርነት የለም።

ሁለተኛው «እኛ ዘንድ የሌለ እውቀት አለ» ይላል። ትክክል ነው። የክትባት ማቀዝቀዣ ሥርዓት የሚዘረጋ መሐንዲስ፣ አዲስ የላቦራቶሪ ዘዴ የሚያስተምር ባለሙያ ከውጭ ቢመጣ እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ። የጎንደር ኮሌጅም የተሠራው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። የምጠይቀው እንግዳው ምን ሊያስተምር እንደመጣ፣ ማንን እንደሚያስተምር፣ መቼ እንደሚሄድ ገና ሲመጣ እንዲጻፍ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመው፣ ኤሊዮት በርግ የመሩት ጥናት፣ የውጭ ባለሙያን ከአገሬው «ካውንተርፓርት» ጋር አጣምሮ ማስቀመጥ ዘላቂ አቅም እንዳልገነባ በግልጽ ተናግሯል። በ1997 ዓ.ም. ለጋሾችና ተረጂዎች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው እርዳታው የአገሮቹን የራሳቸውን ዕቅድ እንዲከተል ተስማሙ። ችግሩ በእነሱም ዘንድ የታወቀ ነው፤ የማስታወቂያው መልክ ግን ያው ነው።

ሦስተኛው «ታዲያ አማካሪዎቹ አሁን ኢትዮጵያውያን እየሆኑ አይደለም ወይ?» ይለኛል። እየሆኑ ነው፤ ደስም ይለኛል። ዜግነት ብቻውን ግን አያሟሽም። ከወረዳው ጤና መኮንን ተነሥቶ ፕሮግራም ኦፊሰር የሆነ፣ ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት ከሆቴል ወርክሾፕ ወደ ሆቴል ወርክሾፕ የዞረ ወንድማችንም ምድጃውን ረስቶታል። ይባስ ብሎ ጤና ጣቢያው ያን ጤና መኮንን አጥቷል። የተሻለው ባለሙያ ከሥራው ቦታ ተነቅሎ፣ ስለዚያው ስለ ለቀቀው ቦታ ምክር እንዲጽፍ በብዙ እጥፍ ይከፈለዋል። ልጁን አልወቅስም፤ የቤት ኪራይ አለበት፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። የምወቅሰው ለመሥራት ትንሽ፣ ስለ ሥራ ለማውራት ብዙ የሚከፍለውን ሥርዓት ነው።

ይህን ዛሬ የምጽፈው ጊዜው ስለሚያስገድድ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ በሰኔ ወር 2017 ማብቂያ ሥራውን አቆመ። በክልላችን ደግሞ ከ2015 ክረምት ወዲህ በቆየው ግጭት መንገድ ሲዘጋ አማካሪው አይመጣም፤ አዋላጇ ግን እዚያው ናት። ገንዘቡ ስላነሰ የቀረውን በማን ላይ እንደምናውለው የሚወሰነው አሁን ነው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ያሉት አባቶቻችን በሬውን መመገብንም ጭምር ማለታቸው ነው።

ስለዚህ ሊደረግ የሚችለውን በግልጽ ላስቀምጥ። መጀመሪያ፣ በአማካሪው ምርጫ ላይ የሚመከረው ክፍል ድምፅ ይኑረው። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ከመራጮቹ መካከል ይቀመጥ፤ እሱ ያልተቀበለው አይቀጠር። ሁለተኛ፣ ፈተናው በሥራ ቦታ ይሁን። እጩው አንድ ሙሉ ቀን በጤና ጣቢያ ይዋል፤ ወይም በገጠር ትምህርት ቤት ገብቶ ያስተምር። ያን ቀን የሚያዩት አዋላጆችና መምህራን እንደ ምጣዱ ገዢ ያንኳኩት። ሦስተኛ፣ የአካባቢው ቋንቋ ቢያንስ ለእንግሊዝኛ የተሰጠውን ነጥብ ያግኝ። አራተኛ፣ ከመንግሥት ሥራ የሚወሰደው ባለሙያ በውሰት ይወሰድ፤ ቦታው ይጠበቅለት፤ ሲጨርስ ከነልምዱ ይመለስ። አምስተኛ፣ የውሉ የመጨረሻ ክፍያ የሚለቀቀው አማካሪው ተክቶት የሚሠራውን ሰው በስም ጠርቶ፣ ያ ሰውም ሥራውን ብቻውን ሠርቶ ሲያሳይ ይሁን። ከእነዚህ መካከል አዲስ ሕግ ወይም አዲስ በጀት የሚጠይቅ የለም። በማስታወቂያው ላይ ጥቂት መስመር መጻፍና በጽሑፉ መጽናት ብቻ ነው።

ለለጋሾች የምለው ይኸው ነው። የበለጠ የምለው ግን ለእናንተ፣ በቢሮ ለተቀመጣችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ነው። የቅጥሩ ረቂቅ ለአስተያየት ወደ ጠረጴዛችሁ ሲመጣ ሳታነቡ ማኅተም አታድርጉበት። «እጩው በገጠር ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ይከለክሉናል ብላችሁ አትፍሩ፤ ብዙ ጊዜ ያልተፈቀደልን ስላልጠየቅን ነው። በሚቀጥለው የወረዳ ስብሰባ ደግሞ ከኋላ ወንበር አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለመናገር ስትነሣ ቃሏን ከነስሟ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት። የምትፈልጉት አማካሪ ያቺ ልትሆን ትችላለች።